ካውያው ያልቆመበት ሐሙስ

ስምንት ሰዓት ሲሆን እደውላለሁ። እህቴ ቤት ስልክ ከገባ ጀምሮ እሁድ እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ስደውል ኖሬያለሁ፣ ዛሬ እጄን የሚይዘኝ ምንድን ነው፣ ስልኩ ያው ስልክ ነው፣ ኮሪደሩ ውስጥ ከኮት መስቀያው ሥር ተቀምጧል፣ ወንበሩም ያው አንድ እግሩ የሚነቃነቀው ወንበር ነው፣ ሰኞር ፕላሲዶ ሐሙስ እጠግነዋለሁ እያለ በመሃል ሦስት መጽሐፍ ጽፎ ጨረሰ፣ ወንበሩ ግን እንደተነቃነቀ አለ። አሁን ሰባት ተኩል ነው። ዐሥር ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፣ አልጋ ላይ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ማንም የሌለበትን ቤት እጠርጋለሁ፣ ማንም የማይለብሰውን ሸሚዝ እተኩሳለሁ፣ ከዚያ መጥቼ ደግሞ ስልኩን አየዋለሁ። ከባሕሩ ማዶ ሳኦ ኒኮላው በምትባል ደሴት ላይ፣ ሪቤይራ ብራቫ ከተማ ውስጥ፣ አንድ የሃያ ሰባት ዓመት መምህር ጋዜጣ ገልጦ አንብቦ ይሆናል፣ ወይም ገና አላነበበም ይሆናል። አደሪቶ ይባላል። አክስቴ ይለኛል። አክስቱ አይደለሁም፣ እናቱ ነኝ። ይህን እዚያ ደሴት ላይ እናቴ የሚላት እህቴ ዙልሚራ ታውቃለች፣ እዚህ ሊዝቦን ደግሞ ሰኞር ፕላሲዶ ያውቃል፣ ለሰኞር ፕላሲዶ ግን ከዓለም ቃላት ሁሉ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ናት።

ነገሩ የተበላሸው በካውያ ነው። ሌላ ሰው ቢሰማው ይስቃል፣ እኔም በደህና ጊዜ ስቄበታለሁ። ሰኞር ፕላሲዶ ቫላዳሬስ አገር ያወቀው ደራሲ ነው፣ ስድስት ልብ ወለድ ጽፏል፣ መልኩ ቴምብር ላይ ወጥቷል፣ ጋዜጠኞች እየመጡ ጠረጴዛውን ፎቶ አንስተዋል፣ ብዕሩን አንስተዋል፣ ድመቱን እንኳ ሁለት ጊዜ አንስተዋል። ወጥ ቤት ገብቶ የእኔን የመተኮሻ ጠረጴዛ ያነሳ የለም፣ መጽሐፎቹ ሁሉ ያለፉት ግን በዚያ በኩል ነው። አባቱ አለንቴዡ በሚባል ገጠር ውስጥ ከቡሽ ዛፍ ላይ ልጣጭ የሚያነሳ የቀን ሠራተኛ ነበር፣ እናቱ የባለርስቱን ቤት ልብስ ትተኩስ ነበር፣ ልጇ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጦ የትምህርት ቤት መጽሐፉን ጮክ ብሎ ያነብላታል፣ እሷ ፊደል አልቆጠረችም፣ ሆኖም ልጇ ቃል ሲዘል ወይም ያልገባውን ነገር ዝም ብሎ ሲያነበንብ ካውያዋ ቀጥ ይላል። «ከእሷ የበለጠ መምህር አልገጠመኝም» ይላል። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋርጦ ሊዝቦን መጣ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በየገበያው እየዞረ የነጋዴ ሚዛን ሲመረምር ኖረ፣ የመጀመሪያ መጽሐፉ ሲወጣ አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ እኔም የሚስቱ የዶና ኤውላሊያ ሠራተኛ ሆኜ ወደዚህ ቤት ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር።

ሐሙስ የመተኮሻ ቀን ነው። ከምሳ በኋላ የጻፈውን ምዕራፍ ይዞ ወጥ ቤት ይገባል፣ ከድንቹ ጆንያ አጠገብ ይቀመጣል፣ ያነባል፣ እኔ እተኩሳለሁ። ወረቀቱን የሚያየው በግማሽ ዓይኑ ነው፣ የቀረው ዓይኑ ካውያው ላይ ነው። ካውያው ካልቆመ ምዕራፉ አለፈ። ካውያው ከቆመ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ መስቀል ያደርግበታል፣ መስቀል የተደረገበት ገጽ ወይ ይጣላል ወይ እንደገና ይጻፋል። አንድ ጊዜ እንደ ጻፈው ያነብልኛል፣ ሁለተኛ ደግሞ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል፣ ሁለት ጊዜ ካውያ ሥር ያላለፈ ገጽ አሳትሞ አያውቅም። መጀመሪያ ሰሞን አፍር ነበር። አንድ ቀን እጄ በራሱ ቆመ፣ «ምን ሆንሽ?» አለኝ፣ «ምንም» አልኩት፣ «ኢልዳ፣ ካውያው ቆሟል፣ ምንም አትበይኝ» አለ፣ እኔም «ሰውየው ባለፈው ሐሙስ ሞቷል ብለውኝ አልነበር፣ ዛሬ ቁጭ ብሎ ሾርባ እየጠጣ ነው» አልኩት። እስኪያስለው ሳቀ። አሳታሚው አላየውም፣ አንብበው ያመሰገኑት ፕሮፌሰሮችም አላዩትም፣ የሞተው ሰውዬ ሾርባውን እየጠጣ ሊታተም ነበር። ከዚያ ወዲያ እንግዳ ሲመጣ «ዶና ኢልዳ ትባላለች፣ እኔን የምትገዛ እሷ ናት» እያለ ያስተዋውቀኛል፣ እንግዶቹም ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ፣ እኔም ጎመን ሾርባውን አቅርቤ እወጣለሁ።

ሰባት ከሠላሳ አምስት። የነገርኩት እኔው ነኝ፣ ማንም አላስገደደኝም። ዶና ኤውላሊያ ከሞተች በኋላ ባለው ዓመት ሳንባ ምች ይዞት ሁለት ሳምንት ተኝቶ ነበር፣ ትራሱን አስተካክዬ ልወጣ ስል «ኢልዳ፣ አንቺ ወደብ ላይ ማንን ትተሽ መጣሽ?» አለኝ። ሁሉም ሰው ወደብ ላይ አንድ ሰው ትቶ እንደሚመጣ በደህና ያውቃል። ትኩሳት ላይ ያለ ሰው ነገ ይረሳል ብዬ ይሁን፣ ወይስ በዚህ ሁሉ ዓመት የጠየቀኝ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ እኔ እንጃ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነገርኩት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰማዩ አራት ዓመት ጨክኖብናል፣ ፍየሎቹ አልቀዋል። ያረገዝኩለት ሰው መርከብ ላይ ተቀጥሮ ሮተርዳም ሄደ፣ እጽፍልሻለሁ አለ፣ እስከ ዛሬ እየጻፈ ይሆናል። ዙልሚራ ካገባች አምስት ዓመቷ ነው፣ ልጅ አልሰጣትም። ባሏ ያን ዓመት ለሥራ ሌላ ደሴት ነበር፣ ሆዴ ሳይታወቅ ከእሷ ጋር ተራራው ላይ ወዳለው የባሏ እርሻ ወጣሁ፣ እዚያ ወለድኩ፣ ዙልሚራ ልጅ ታቅፋ ወደ ከተማ ወረደች፣ ሰው ሁሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ አላት። ሊዝቦን አንዲት ወይዘሮ ሠራተኛ ትፈልጋለች፣ ልጅ ያላት ግን አትፈልግም። የሄድኩ ዕለት ልጁ አራት ወሩ ነው፣ አክስቱ ነኝና እስከ ፕሬጊሳ ወደብ ድረስ እኔ አቅፌው ወረድኩ፣ በቢጫ ሻሌ ጠቅልዬዋለሁ፣ ጀልባው ወደ መርከቡ ሊቀዝፍ ሲል ልጁን ከነሻሉ ለዙልሚራ ሰጠኋት። ሰኞር ፕላሲዶ «ዞረሽ አየሽ?» አለኝ። «አላየሁም» አልኩት። «የሰው ምሥጢር አልሰርቅም፣ ጠረጴዛ ላይ የተተወውን ብቻ ነው የምወስደው» አለ፣ እኔም ያን ጊዜ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

የካቲት ወር ነው፣ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል፣ ሐሙስ ነው። ሰባተኛውን መጽሐፍ እያነበበልኝ መጨረሻው ምዕራፍ፣ ዐሥራ አንደኛው ላይ ደርሷል። ፊት ለፊቴ ነጩ ሸሚዝ ተዘርግቷል፣ በማግስቱ አንድ ዩኒቨርሲቲ የክብር ካባ ሊያለብሰው ነው። ያነባል። ወደብ አለ። ድርቅ አለ። ጀልባ አለ። ልጅቱ ስሟ ሌላ ነው፣ ደሴቱም ስም የለውም፣ ከዚያ ቢጫ ሻል አለ፣ እጄም እጅጌው ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ጆሮዬ ጭው ብሏል፣ ከዚያ ወዲያ ያነበበውን አልሰማሁም። ማቆም ነበረብኝ። ሌላ ምንም አይደለም የሚጠበቅብኝ፣ እጅ ማቆም ብቻ። ካቆምኩ ሸሚዙ ይቃጠላል ብዬ ነው፣ እላለሁ። ካቆምኩ ለምን ይለኛል ብዬ ነው፣ እላለሁ። እሱ በራሱ መንገድ እየጠየቀኝ ነበር እኮ፣ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም፣ ሰውየው ፈቃድ መጠየቅ የሚያውቀው በካውያ በኩል ብቻ ነው። አንብቦ ጨረሰ፣ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አደረገ፣ ካውያውን አየ። «አልቆመም» አለ። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ያንን እጅጌ አራት ጊዜ እንደተኮስኩት ያወቅኩት ሸሚዙን ሳነሳው ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ደወልኩ። ዙልሚራ ስለ ጉልበቷ አወራችኝ፣ ከዚያ አደሪቶ ተቀበላት። «አክስቴ፣ ሰባተኛው መቼ ነው የሚወጣው? እዚህ ተማሪዎቼ ይጨቀጭቁኛል፣ አክስትህ ቤቱ ውስጥ እያለች አታውቅም ወይ ይሉኛል» አለ። በበዓል በበዓል የተፈረመ መጽሐፍ የምልክለት እኔ ነኝ፣ ልጄ እኔ ባበስልኩለት ሰው መጽሐፍ ፊደል እንደሚያስተምር ሳስብ ደስታው አያስተኛኝም ነበር። «ገና ነው» አልኩት። «ምንን የሚመለከት ነው?» አለ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እኔ የምተኩስ ሰው» አልኩት። ሳቀ። ማንም ሌላ ሰው ያንን ምዕራፍ ቢያነብ ልብ ወለድ ነው የሚያነበው። እሱ ግን ወደቡን ያውቃል፣ የተወለደበትን የድርቅ ዓመት ያውቃል፣ አክስቱ ማን ቤት እንደምትሠራ ያውቃል፣ ቢጫው ሻል ደግሞ እስከ ዛሬ የዙልሚራ ሳጥን ውስጥ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ቁርጥ አድርጌ የሥራ ክፍሉ ገባሁ። «ሰኞር ፕላሲዶ፣ ያ ዐሥራ አንደኛው ምዕራፍ» አልኩት። ቀና አለ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ አንድ ነገር ሲጠብቅ የቆየ ይመስላል። «ምን ሆነ?» አለኝ። «እ... እንነጋገርበት» አልኩት። «ሐሙስ እናወራለን» አለ። ሐሙስ ልማዱ ነው፣ ወንበሩም ሐሙስ ነው፣ የጥርስ ሐኪሙም ሐሙስ ነው፣ ግን በዚያ ቀን ፊቴን ትክ ብሎ አይቶ ነው ያለኝ። ረቡዕ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቆ አገኘሁት፣ ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ ሳሙና ነው። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። ነፍሱ ተረፈች፣ ቀኝ እጁና ንግግሩ ግን ሄዱ።

ሆስፒታሉ የጠያቂ ካርድ ለሁለት ሰው ብቻ ነው የሚሰጠው። አንዱ የልጁ የቤኔዲታ ነው፣ ሌላው የአሳታሚው። ቤኔዲታ የእሷን ካርድ ሰጠችኝና ሄድኩ፣ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ካርዱን አየ፣ እኔን አየ። «ልጁ ነሽ?» አለኝ። ሰኞር ፕላሲዶ ነጭ ነው እኔ ጥቁር ነኝ፣ ጥያቄው የመሳቂያ መሆኑ ነው። «አይደለሁም።» «ሚስቱ?» «አይደለሁም።» «ታዲያ ምኑ ነሽ?» «ልብሱን የምተኩስ ነኝ» አልኩት። «እዚህ የሚተኮስ ልብስ የለም» አለና ካርዱን መለሰልኝ። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት አሮጊት «ግባ በላት፣ አንተን የሚጠይቅህ እንኳ አይኖርም» ሲሉት አፍሮ አሳለፈኝ። ሰኞር ፕላሲዶ መስኮቱ አጠገብ ተኝቷል። «ጥሩ ነዎት?» አልኩት። «ሐሙስ» አለኝ። ነርሷ ሌላ ቃል የለውም አለችኝ፣ ውሃ ሲጠማው ሐሙስ፣ ሲያመው ሐሙስ፣ ልጁ ስትገባ ሐሙስ። ስንት ሺህ ገጽ የጻፈ ሰው። አልጋው ላይ ጎንበስ ብዬ «ሰኞር ፕላሲዶ፣ ዐሥራ አንደኛው ምዕራፍ እንዳይወጣብኝ፣ ልጄ ያነበዋል፣ ለቤኔዲታ አውጪው ልበላት?» አልኩት፣ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ልጄ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ያ ሁለተኛው ነበር። ግራ እጁን አንስቶ እጄን ያዘው። «ሐሙስ» አለ። «አዎ ማለትዎ ነው?» «ሐሙስ» አለ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ እንባ ደግሞ ከዚህ በሽታ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው ብላኛለች ነርሷ። እንዲህ ሆኖ መልሱን ይዤ ወጣሁ፣ መልሱ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ሰባት ከአርባ አምስት። ቤኔዲታ ልቧ እንደ አባቷ ነው። ወደዚህ ቤት ስመጣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ፀጉሯን የጎነጎንኩት እኔ ነኝ፣ የገዛ ልጄን ፀጉር ግን አንድ ቀን አላበጠርኩም። አሳታሚው መጽሐፉን ዝም ብለን እናትመው ሲላት «አባቴ ሁለት ጊዜ ካውያ ሥር ያላለፈ ገጽ አያሳትምም፣ እኔም አላሳትምም» አለችው። የማረሚያውን ቅጂ ይዛ ትመጣለች፣ ድንቹ ጆንያ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ሐሙስ ባይሆንም ታነባለች፣ እኔ እተኩሳለሁ። ዐሥር ምዕራፍ አለፈ። ዐሥራ አንደኛው የደረሰው የዛሬ ዐሥር ቀን ነው፣ እሱ ቀን ሐሙስ ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። ለሆስፒታል የሚሆን ፒጃማ ዘርግቻለሁ። ሻሉ ጋ ስትደርስ አቆማለሁ፣ ሻሉ ጋ ስትደርስ፣ ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ።

ታነባለች። በየካቲት ጆሮዬ ጭው ብሎ ያመለጠኝን ሁሉ አሁን ሰማሁት። አልፈረደብኝም። ያቺን ልጅ ምስኪን አላላትም፣ ክፉም አላላትም፣ ጡቷ ጀልባው ላይ ወተት እንዳፈሰሰባትና ከባዕድ ሰዎች ለመደበቅ ክንዷን አጣጥፋ እንደተቀመጠች ጽፏል፣ ያንን እኔ አልነገርኩትም፣ ከየት እንዳገኘው አላውቅም፣ እውነት ግን ነው። ሻሉ አልፎም እጄ አልቆምም አለኝ። ከዚያ ቢጫው ሻል ዳግመኛ መጣ። ካውያውን አነሳሁና ቀጥ አድርጌ አቆምኩት።

ቤኔዲታ ቀና አለች። «ቆመ» አለች።

«ቆመ» አልኩ።

«ኢልዳ፣ እኔ እኮ እዚህ ጋ እያለቀስኩ ነው የማነበው።»

«ቆሟል፣ ልጄ።»

«ምኑ ነው?»

«አይተነፍስም» አልኳት። እንጀራ ሆኖኝ የኖረው ሰው በሕይወቱ ከጻፈው ሁሉ የሚበልጠውን ገጽ አይተነፍስም አልኩ፣ እሱ ራሱ መተንፈስ አቅቶት ተኝቶ። እርሳሱን አንስታ ብዙ ጊዜ ይዛው ቆየች፣ ከዚያ መስቀሉን አደረገች፣ ገጾቹን አውጥታ ለብቻ አስቀመጠች። የሆነው ሆነ፣ ልጄ ተረፈ፣ አልኩ በልቤ። ያን ጊዜ ቦርሳዋን እየዘጋች «ደግነቱ ጠፍቶ አይቀርም፣ ጋዜጣው ላይ ወጥቷል» አለች።

«የትኛው ጋዜጣ?»

«የሥነ ጽሑፉ ጋዜጣ ነዋ፣ ትናንት። አሳታሚው ነው ሳይነግረኝ የሰጣቸው፣ ሁለት ሙሉ ገጽ» አለችና አውጥታ መተኮሻው ላይ ዘረጋችልኝ። ሥዕልም አለው። አንዲት ሴት ጀልባ ላይ ናት፣ ጀርባዋን ሰጥታለች።

የሚያስቀው ነገር፣ የሚያስቅ ከሆነ፣ ያ ጋዜጣ አደሪቶ ዘንድ በየሳምንቱ የሚደርሰው በእኔ ነው። ለገና ስጦታ ብዬ አስመዝግቤዋለሁ፣ አድራሻውን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ቤኔዲታ እንደወጣች ወደ ጋዜጣው ቢሮ ሮጥኩ፣ ቁጥር ውሰጂ አሉኝ፣ ወሰድኩ፣ ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ለወደፊት ማቋረጥ ይቻላል፣ የወጣውን ግን ፖስታ ቤት ወስዶታል አለችኝ። ፖስታ ቤት ደግሞ የላከው ሰው ራሱ ይምጣ አሉ። ስመለስ ምን አስቤ እንደሆነ እንጃ፣ ሰፈራችን ጥግ ያለውን ባለኪዮስክ የቀሩትን ሦስት ጋዜጣ ሁሉ ስጠኝ አልኩት። ባለኪዮስኩ «ምነው ዶና ኢልዳ፣ ያን ሁሉ ዓሣ ሊጠቀልሉበት ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ሦስቱን ጋዜጣ ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ፣ ወረቀቱን ብቆልለው ባሕሩን የሚዘጋ ይመስል።

ያለፈው እሁድ ደወልኩ። «አደሪቶ የለም?» አልኳት። «ዛሬ ኳስ ያጫውታል» አለችኝ ዙልሚራ። «ስሚኝ እህቴ፣ በዚህ ሳምንት ፖስታ ሲመጣ ጋዜጣውን ቀድመሽ ውሰጂው።» «እኔ በየትኛው ጉልበቴ፣ ፖስታ ቤት የሚሄደው እሱ ነው። ምን ሠራሽ፣ ኢልዳ?» አለች። ድምፄን ከሕፃንነቴ ታውቀዋለች። ነገርኳት። ስልኩ ውስጥ የዶሮ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ «ሃያ ሰባት ዓመት ባሌ ሲጠይቀኝ፣ ጎረቤት ሲጎተጉተኝ አፌን ዘግቼ ኖርኩ» አለችኝ፣ «አንቺ ለደራሲ ነገርሽ። ለቄስ ብትነግሪ ምን ነበረበት።» አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። «ወሰድሽብኝ» አለችኝ። እኔ ነኝ እሷን ወሰድሽብኝ ማለት ያለብኝ ብዬ ስንት ዓመት ሳስብ የኖርኩት፣ ለካስ እሷም ቁጭ ብላ ስትፈራኝ ኖራለች። ዐርብ ዕለት ከሳል ደሴት ትንሿ አውሮፕላን ትመጣለች፣ ፖስታው በእሷ ነው። ዐርብ ከትናንት ወዲያ ነበር።

ስምንት ሰዓት። ቁጥሩን ጣቴ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ጠራ፣ ሁለተኛውን ሳይጨርስ ተነሳ። ዙልሚራ ናት። «ከቅዳሴ ቀርቶ ስልኩ አጠገብ ተቀምጧል» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ሳጥኑንም ከፍቷል። እንቺ፣ አነጋግሪው።» ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰማሁት።

«አነበብኩት» አለ አደሪቶ።

«እሺ» አልኩ።

«አሁን ሻሉ ጉልበቴ ላይ ነው። የአክስትህ ነው እየተባለ ነበር የሚነገረኝ፣ እናቴ ስታጥበው እንኳ ለብቻው ነበር የምታጥበው።»

ዐሥር ቀን ሙሉ ቃል ስሰበስብ ቆይቼ አፌ ውስጥ አንድም አልነበረም። ሐሙስ ማለት ቢቻል ሐሙስ እል ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። የመምህር ድምፁ ነው፣ ክፍል ውስጥ እንዲህ እንደሚያወራ ገባኝ። «ሴትየዋ ዞራ አላየችም ይላል። መርከቡ ላይ እስክትወጣ ድረስ ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች ይላል። እውነት ነው?»

ለሰኞር ፕላሲዶ አላየሁም ያልኩት ጨካኝ መባል ስለሚቀለኝ ነው። ያየሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«አይታለች» አልኩት።

«ምን አየች?»

«ልጁን። ከእቅፏ ሲወጣ ያለቅስ ነበር። ጀልባው ትንሽ ሄደት እንዳለ ዞራ አየች፣ ልጁ ዝም ብሏል። እህቷ ትከሻ ላይ ራሱን ጥሎ ተኝቷል። እሷ ዞራ እስክታየው እንኳ አላለቀሰም። ከዚያ ወዲያ አላየችም።»

ከኋላው ዙልሚራ አንድ ነገር ትለዋለች፣ እጁን ስልኩ ላይ አድርጎ መለሰላት፣ ምን እንዳላት አልሰማሁም፣ እናቴ ሲላት ግን ሰማሁ። መልካም ነው፣ ይበላት፣ ይገባታል፣ ጉልበቷ ያለቀው እሱን ተሸክማ ነው።

«በሚቀጥለው እሁድ ይደወላል?» አለ።

«እደውላለሁ፣ በስምንት ሰዓት።»

«እሺ» አለ፣ «እንግዲያው እሁድ።» ስልኩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

የሚነቃነቀው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ነገ ሆስፒታል የሚወሰደው ፒጃማ ገና አልተተኮሰም፣ ካርዱንም ከቤኔዲታ መቀበል አለብኝ፣ ሰኞር ፕላሲዶ ሐሙስ ይለኛል፣ እኔም ልጄ አነበበው እለዋለሁ፣ ይገባው አይገባው አላውቅም። የተናገርነውን ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ ደገምኩት፣ ያመለጠኝ ቃል አለ ብዬ፣ ደግሜ ደጋግሜ ፈለግሁት። የለም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ እንኳ አክስቴ አላለኝም። በሌላ ስምም አልጠራኝም።